ሦስት ብዬ የጻፍኩበት ወረቀት

በክፍሏ ውስጥ አምስት ነበርን። ዶክተር ሂሩት ከጠረጴዛው ኋላ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። እኔ በቀኟ እስክሪብቶ ይዤ ተቀምጫለሁ። ነርሷ ጫልቱ መስኮቱ ሥር፣ ከሚዛኑ አጠገብ ቆማለች። ጎረቤቴ አዴ ድንቄ ከፊታችን ባለው ወንበር ላይ ናት። ልጇ ቢፍቱ ከኋላዋ ቆማ እጇን በእናቷ ወንበር መደገፊያ ላይ አሳርፋለች። በሩ ክፍት ነበር። ውጭ አግዳሚው ላይ ሌሎች ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ፤ ጨዋታቸው ውስጥ ድረስ ይሰማል።

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት በጥቅምት ወር፣ እዚሁ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ከቀበሌው አዳራሽ ጎን ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ዕድሜዬ ነውና ብዙ ነገር እረሳለሁ። የዚያን ዕለት ግን ማን የት እንደነበር አልረሳሁም፤ በገዛ እጄ የጻፍኩት አንድ ቃል የሰው ሕይወት ሊያሳጣ ምንም አልቀረውም ነበር።

አባቴ ከሸዋ የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔ ግን ነቀምቴ ተወልጄ ነቀምቴ አረጀሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት እስከ ጡረታዬ ሠራሁ። የሰፈሩ ሰው አዴ አስካለ ይለኛል፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። አማርኛም ኦሮምኛም የአፌ ቋንቋ ነው፤ በየትኛው እንደማስብ እንኳ አላውቅም።

በዚያ ሰሞን የቀበሌው ሰው ቤቴ ድረስ መጣ። ስለ አኗኗር፣ ስለ ሆርሞንና ስለ ካንሰር የምታጠና ሐኪም ከአዲስ አበባ መጥታለች፤ ኦሮምኛ አትችልም፤ የምታስተረጉምና የምትጽፍ ትልቅ ሴት ትፈልጋለች አለኝ። ቤት ከመቀመጥ ብዬ ሄድኩ።

ዶክተር ሂሩት ወደ አርባ የተጠጋች፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ከእኛ በፊት በአኖና በኑኑ ቁምባ ሴቶችን ስትጠይቅ ከርማለች። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል፤ መኪናዋ ውስጥ ያደረችበት ጊዜም ነበር። እኛ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን፣ ሴት ስንት ልጅ እንደወለደች መቁጠር ለምን እንደሚጠቅም ጠየቅኳት።

“ሴት ስታረግዝና ስታጠባ ሰውነቷ ውስጥ ያሉት ሆርሞኖች ይለዋወጣሉ” አለችኝ። “የወር አበባ መቼ እንደጀመረች፣ ስንት እንደወለደች፣ ስንት ወር እንዳጠባች፣ ምን እንደምትበላ፣ ምን ያህል እንደምትንቀሳቀስ፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ሆስፒታል ስሠራ ወደ እኔ የሚመጡት ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚመጡ ነበሩ። መጨረሻውን ማየት ሰለቸኝ፤ መጀመሪያውን ልይ ብዬ ነው።”

ሌላ ስለ ራሷ የነገረችኝ ነገር የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

መጠይቁ ረጅም ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት ስፖርት ትሠሪያለሽ የሚል ጥያቄ ነበረበት። አንዲት ከሰል ሻጭ ይህን ስትሰማ ጫልቱን ዞራ አየቻትና፣ “ከሰሉን በጀርባዬ ተሸክሜ አቀበቱን ስወጣ ያላየችኝ እንደሆነ ነገ ትምጣና አብረን እንሥራ በያት” አለች። አስተረጎምኩ። ዶክተር ሂሩት ሳቀችና “ብዙ ብለው ይጻፉ” አለችኝ። ዕድሜን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አንዷ ታናሽ ወንድሟ ሲገረዝ፣ ሌላዋ የቤታቸው ጣሪያ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ሲለወጥ የወር አበባ እንደጀመረች ትናገራለች። እኔ እቆጥራለሁ፣ እጽፋለሁ። ሲመሽ እጄ ይዝላል።

ዶክተር ሂሩት እያንዳንዷን ሴት ብቻዋን፣ በሩን ዘግታ መጠየቅ ፈልጋ ነበር። ሥራው እንዲያ ነው አለች። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ሴት ገብታ በሩ ተዘጋ። ስትወጣ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ “ምን አገኙባት?” ተባባሉ። እዚህ በር ተዘግቶ ሐኪም የሚያነጋግረው ክፉ ነገር የተገኘበትን ሰው ነው። ከተሰለፉት እኩሌታዎቹ ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግሥቱ በሩ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲያ አልተዘጋም። እናትና ልጅ አብረው ሊገቡ ይችላሉ ተባለ። አዴ ድንቄና ቢፍቱም አብረው የገቡት ለዚህ ነው።

“ስንት ልጅ ወለዱ?” ስትል ዶክተር ሂሩት ጠየቀች።

“ሰዲ” አለች አዴ ድንቄ። ሦስት ማለቷ ነው።

“ስማቸው?”

“ገመቹ፣ ቶሌራ፣ ቢፍቱ።”

ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ቢፍቱን ስንት ወር እንዳጠባች ሲጠየቅም ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለች፤ እሱንም ጻፍኩ። ከዚያ ቢፍቱ በእናቷ ቦታ ተቀመጠች። እናትሽ ወይም በእናትሽ ወገን ያለ ሰው በጡት ሕመም ተይዞ ያውቃል ወይ ተብላ ተጠየቀች።

“እናቴማ ይኸውና ቆማለች” አለች ቢፍቱ። “ዱላ የምትይዘው እኛን ለማስፈራራት ነው እንጂ ከእኔ ትበረታለች።”

ጫልቱ ሳቀች። አዴ ድንቄም ፈገግ አለች። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። እስክሪብቶዬን አነሣሁና “የለም” ብዬ ጻፍኩ።

እንዳለ አውቅ ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። ቢፍቱ አሁን ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው። እሷ በተወለደችበት ዓመት አዴ ድንቄ ከግቢዋ ኋላ ያለችውን ክፍል ለአንዲት የኑኑ ቁምባ ሴት አከራይታ ነበር። ስሟ ሎሚ ይባላል። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ አልተመለሰም። ሎሚ እዚያችው ክፍል ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች። ግን ማጥባት አልቻለችም፤ አንዱ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ቆስሎ ነበር። በዚያው ወር አዴ ድንቄ የወለደቻት ሴት ልጅ በሁለተኛ ሳምንቷ ሞታለች። ወተቱ ቀሚሷን እያረጠበው ትውል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የሎሚ ልጅ ስታለቅስ ሰማች፤ ሄደች፤ ሕፃኗን አንሥታ ጡቷን ሰጠቻት። ማንም ምንም አላላትም።

ሎሚ ልጇ ዓመት ሳይሞላት ሞተች። በሽታውን ያን ጊዜ በስሙ የሚጠራው አልነበረም።

ከዚያ ወንድሟ ከኑኑ ቁምባ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ልጅቷ በጉዲፈቻ ለድንቄ ተሰጠች። ዛሬ በከተማ ጉዲፈቻ ሲባል የፍርድ ቤት ወረቀት ነው የሚታሰበው። የዚያን ዕለቱ ግን መሐላ ነው። ሽማግሌው ማር በጣቱ ነክሮ የሕፃኗን ምላስ አስነካና “ከዛሬ ጀምሮ ከድንቄ ሆድ የወጣች ናት፤ ሌላ የሚል አፉ ይዘጋ” አለ። እዚያ የነበርን ሁሉ አሜን አልን። ከነዚያ ሰዎች አሁን በሕይወት ያለነው ድንቄና እኔ ብቻ ነን። የማሩን ሳህን ይዤ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ አዴ ድንቄ ሦስት ስትል አልዋሸችም። በእኛ አገር ደንብ እንዲህ ያለችውን ልጅ አልወለድኳትም ማለት ነው ነውሩ። በወረቀቱም ቢሆን ቁጥሩ ልክ ነው፤ ከሞተችው ሕፃን ጋር በእርግጥም ሦስት ወልዳለች። እኔም ያን ጊዜ ራሴን ያጽናናሁት ቁጥሩ ልክ ነው እያልኩ ነው። የቢፍቱ “የለም” ግን ልክ አልነበረም፤ ጽሕፈቱም የእጄ ነው።

ጥያቄው ሲያልቅ ዶክተር ሂሩት ለምርመራ የሚላኩትን መረጠች። የጡት መመርመሪያው መሣሪያ የሚገኘው ለሁለት ሳምንት ብቻ ስለሆነ ሁሉንም መላክ አይቻልም። ጡቷ ላይ እብጠት የተገኘባት ወይም በእናቷ ወገን ሕመሙ ያለባት ትቀድማለች። ዝርዝሩን በንጹሕ ወረቀት የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የቢፍቱ ስም የለበትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዴ ድንቄ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ በቆሎ ትፈለፍላለች። እኔም አንዱን አንሥቼ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

“ድንቄ፣ ስለ ሎሚ ላነጋግርሽ ነው የመጣሁት።”

እጇ አላቆመም። “ሎሚ ከፈለግሽ ገበያ አለልሽ” አለችኝ።

“ሐኪሟ ያ በሽታ በዘር ሊሄድ ይችላል ትላለች። ከእናት ወደ ልጅ።”

“እናቷ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ።”

“ለእኔ እንዲህ አትበይኝ።”

“ላንቺ ነው እንጂ ለማን ልበል? የማሩን ሳህን የያዝሽበትን እጅ ታጠብሽው እንዴ?”

“አልታጠብኩትም” አልኳት። “ለዚህ ነው ወዳንቺ የመጣሁት። ብታጠበው ኖሮ በቀጥታ ወደ ልጅቷ እሄድ ነበር።”

ጥቂት ፍሬዎች ከእጇ ወደ መሬት ተበተኑ። አላነሣቻቸውም።

“አስካለ፣ በቆሎው ይበቃል” አለች። “ሂጂ ቤትሽ።”

ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታ ተቋረጠ። እሷና እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ “አካም ቡልቴ” ተባብለን ነው የምንውለው፤ እንዴት አደርሽ ማለት ነው። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ በጾሜ ወራት እንኳ ሥጋ ስትሠራ ሽታው እንዳይደርሰኝ መስኮቷን ትዘጋ ነበር። ሰኞ ጠዋት አጥሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኳት። ወጥታ አመዱን ደፍታ ተመለሰች።

ማክሰኞ ለዶክተር ሂሩት ነገርኳት። ከሥራው በፊት ምስጢር እንድጠብቅ ወረቀት አስፈርማኝ ነበር። እኔ ግን የምናገረው በመጠይቁ ጊዜ የሰማሁትን አልነበረም።

“አንድ መጠይቅ ላይ ልክ ያልሆነ መልስ ጽፌያለሁ” አልኳት።

“ተሳስተው?”

“አውቄ።”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ዓይኗን አሸች። “አዴ፣ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለትክክለኛ መልስ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“የትኛው ጥያቄ?”

“በእናት ወገን የሚለው። የለም ብያለሁ። አለ። በምን አወቅሽ ብትዪኝ አልነግርሽም፤ መሐላ አለብኝ።”

የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። የመቆጣት አቅም እንኳ ያላት አትመስልም።

“በምክንያት ያልተደገፈ መልስ ጥናቴ ውስጥ ማስገባት አልችልም” አለች። “ወረቀቱን አወጣዋለሁ። ምርመራው ግን ሌላ ነው፤ ሐኪም ነኝና የፈለግሁትን እጠራለሁ። የመጠይቁን ቁጥር ይንገሩኝ።”

ነገርኳት። የቢፍቱን ስም በራሷ እጅ ከዝርዝሩ ግርጌ ጻፈችው። ስለዚያ ነገር ሁለተኛ አላነሣችብኝም።

ረቡዕ ቢፍቱ ከትምህርት ቤት እንደወጣች ወደ ግቢዬ መጣች። መምህርት ናት፤ የቀሚሷ እጅጌ ጠመኔ ነክቶታል።

“አዴ፣ ነገ ለምርመራ ነይ ተባልኩ። እርስዎ አይደሉ የጻፉት? ምን ብዬ ነው?”

“ያልሽውን ነው የጻፍኩት።”

“እኔ ያልኩት የለም ነው። ታዲያ የሌለውን ነገር ምን ሊያዩት ነው? ተማሪዎቼን ልፈትን ነው፤ አልሄድም። ቦታውን ለታመመ ሰው ይስጡት።”

ሂጂ ብላት ለምን ትለኛለች። ለምን ስትለኝ የምናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ አሜን ብዬ የዘጋሁት ነው። እንዲሁ ቆሜ አየኋት። እሷም በትዕግሥት ጠበቀችኝ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታከብረኝ ልጅ ናት።

በሁለታችን ግቢ መካከል ለመመላለሻ ያበጀናት ክፍተት አለች። ከቅዳሜ ወዲህ ማንም አላለፈባትም ነበር። አዴ ድንቄ በዚያች ክፍተት ዱላዋን አስቀድማ ገባች። ከአጥሩ ኋላ ሆና ስትሰማን ኖሯል። እኔን አላየችኝም።

“ሂጂ” አለቻት ልጇን።

“አዮ፣ ምንም የለብኝም እኮ።” አዮ እናቴ ማለት ነው።

“የወለደችሽ በዚህ ነው የሞተችው።”

በኦሮምኛ ነው ያለችው፤ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። የቢፍቱን እጅ ብቻ ነው ያየሁት። የእጅጌዋን ጠመኔ ማራገፍ ጀመረች። የሌለውን ጠመኔ ሁሉ አራገፈች።

“ሌላ ሴት እንደወለደችኝ አውቃለሁ” አለች ቆይታ። “ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ልጅ ተጣልታኝ ነገረችኝ። በምን እንደሞተች ግን የነገረኝ የለም።”

“ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?” አለች አዴ ድንቄ።

“አንቺስ?”

አዴ ድንቄ ዱላዋን ወደ አጥሩ አዞረች። “ነገ በማለዳ ባጃጅ ጥሪ። አብሬሽ እሄዳለሁ” ብላ በመጣችበት ክፍተት ተመለሰች።

ምርመራው ላይ ምስር የምታህል እጢ ተገኘች። በእጅ ዳሰሳ የማትገኝ ናት ተባለ። ዶክተር ሂሩት “ገና ናት” አለችን፤ ይህን ቃል ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ዘና ሲል አየሁ። ቢፍቱ አዲስ አበባ ሄዳ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከዚያ መድኃኒቱ ወራት ፈጀ። ፀጉሯ ረገፈ፤ ከሳች። በመስከረም ግን ወደ ክፍሏ ተመለሰች። አሁን ጠዋት ደብተር ታቅፋ በደጄ ስታልፍ አያታለሁ። ደግ አድርገሻል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር የማሳየው እሷን ነው፤ ሌላ መልስ የለኝም።

አዴ ድንቄ ሰላምታዋን መልሳለች። ግን አጭር ናት። ድሮ ስለ ላሟ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ሁሉ ተጠያይቀን ነበር የምንለያየው። አሁን “ነጋ” ትላለች፤ ሰላም ማለቷ ነው፤ እኔም “ነጋ” እላለሁ፤ በቃ። በዚያች ክፍተት ዱባ ተክላባት አሁን ሐረጉ ዘግቷታል። አልቀየምኳትም። መሐላውን ያፈረስኩት በግማሽ ነው፤ ግማሹን እሷ ጨረሰችው። በዚህ ዕድሜ የሚደክመው ጉልበት ብቻ አይደለም።

ዶክተር ሂሩት መጀመሪያውኑ ከዓመት በኋላ ያንኑ ጥያቄ እንደገና እንደምትጠይቅ ነግራን ነበር። እንዳለችው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ መጣች። ያችው ክፍል፣ ያው ጠረጴዛ። እሷ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እኔ በቀኟ፣ ጫልቱ መስኮቱ ሥር። አዴ ድንቄ ወንበሩ ላይ፣ ቢፍቱ ፀጉሯን በሻሽ አሥራ ከኋላዋ። በሩ ክፍት ነው።

ስለ ምግቡ፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ እግር መንገዱ ተጠየቀ። ከዚያ ዶክተር ሂሩት ገጹን ገለበጠች። የቢፍቱን ነገር ስታሳክማት አውቃለች። ጥያቄውን ከማንበቧ በፊት አንድ ጊዜ አየችኝ።

“ስንት ልጅ ወለዱ?”

አስተረጎምኩት። አዴ ድንቄ በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

“ሰዲ” አለች። “ገመቹ፣ ቶሌራ፣ ቢፍቱ።”

ሦስት ብዬ ጻፍኩ።

አዴ ድንቄ እስክሪብቶዬ ከወረቀቱ እስኪነሣ ጠበቀች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ዱላዋን ከልጇ እጅ ተቀበለችና ወጣች።